የቆዳ ካንሰር የት ይደበቃል? ፀሐይ፣ ጠባሳና ውስጥ እግር

  

ዛሬ በጌዴኦ፣ በዲላ ከተማ፣ የምናገረው ስለ ቆዳ ካንሰር ነው። ርእሱን የሰማ ብዙ ሰው በሆዱ «ይህ የፈረንጅ በሽታ አይደል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አባባሉ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 325 ሺህ ያህል ሰዎች ሜላኖማ በሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር እንደተያዙ፣ 57 ሺህ ያህል ሰዎችም በእርሱ እንደሞቱ ይገመታል። ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲታይ ከሁሉ በላይ የተጎዱት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ናቸው። ከአውሮፓ የሄደ ነጭ ቆዳ ብርቱ ፀሐይ ሲያገኘው የሆነ ነው። የእኛ ቆዳ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር የነጭ ሰውን የላይኛውን ቆዳ 24 በመቶ ያህል ሲያልፍ የጥቁር ሰውን የሚያልፈው 7 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ጋሻ የሰጠን ሜላኒን የተባለው የቆዳችን ቀለም ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ጋሻ ካለን ለምን ስለ ቆዳ ካንሰር እንነጋገራለን? ምክንያቱም ጋሻው የሚመክተው ከፀሐይ የሚመጣውን ብቻ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው የቆዳ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በሌላ በር ይገባል። ከፀሐይ ጋር ጉዳይ የሌለው አለ፤ ከቆየ ቁስል የሚነሣ አለ፤ ጋሻው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የጎደለውም ወገን አለን። ለሌላ አገር ሰው የተጻፈውን ምክር እንዳለ ብንቀዳ፣ ፊታችንን ክሬም እየተቀባን በውስጥ እግራችን የበቀለውን ሳናይ እንቀራለን። ዓላማዬ እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ የት እንደምትመለከቱና ምን ስታዩ ቶሎ እንደምትነሡ እንድታውቁ ነው። በፀሐይዋ እጀምራለሁ። ከዚያ አልቢኒዝም ስላለባቸው ወገኖቻችን ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ቀጥሎ ስለማይድን ቁስልና ስለ ጠባሳ፣ ከዚያም ስለ ውስጥ እግርና ስለ ጥፍር አነሣለሁ። በመጨረሻ ሕመሙን በጊዜ ማግኘት ስለሚያመጣው ልዩነት፣ በጊዜ እንዳናገኘውም ስለሚያደርጉን ነገሮች እንነጋገራለን።

የጌዴኦ ምድር ከአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ካለው ቆላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ፣ እስከ ቡሌ ደጋ 3,000 ሜትር ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይወጣል። ዲላ ራሷ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ቡሌ ላይ ብርድ ብርድ ብሎት ጋቢ የደረበ ሰው፣ ቆላ ወርዶ ላብ ከሚያጠምቀው ሰው የበለጠ ጨረር ፊቱ ላይ ያርፍበታል። ሙቀትና ጨረር ለየቅል ናቸው። ስስ ደመናም አያስጥልም፤ ከጨረሩ እስከ 80 በመቶ ድረስ ሊያልፈው ይችላል። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቀን ስለምንኖር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትውላለች። በሌላውም ወር ብዙ አትርቅም። ከቀኑ ውስጥ የሚከብደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ነው። ሰዓት ያልያዘ ሰው ጥላውን ይመልከት፤ ጥላው ከቁመቱ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች ማለት ነው።

ለጌዴኦ ሰው ስለ ዛፍ ጥላ የሚያስተምር ሰው አላዋቂ ነው። ቡና በዋንዛና በብርብራ ሥር፣ ከእንሰት ጋር ተሰባጥሮ የሚበቅልበት እርሻችሁ፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰዎች ስለዚህ ቅርስ ሲያወሩ ቡናውን፣ አፈሩንና ትክል ድንጋዮቹን ያነሣሉ። እኔ ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዛፍ ሥር ሲኮተኩት የሚውል ገበሬ ሜዳ ላይ ከሚውል ገበሬ ያነሰ ጨረር ይቀበላል። ጥላው የሚጠፋው ቡናው ከተለቀመ በኋላ ነው። እሸቱ ታጥቦ በየማጠቢያ ጣቢያው ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ እናቶችና እህቶች ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ቆመው ብልሹውን ከደህናው ይለያሉ። ቀትር ሲሆን ቡናው እንዳይሰነጠቅ መሸፈኛ ይደረግለታል። ለቡናው መሸፈኛ የሚገዛ ድርጅት ለሠራተኞቹ ዳስ መጣል አያቅተውም። በጥላ እየተፈራረቁ መሥራት፣ ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ፣ የሚጠጣ ውኃ ማግኘት የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው።

ይህን ስል ግን ፀሐይን እንድትሸሹ እየመከርኩ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው አጥንቱን የሚያጠነክርለትን ቫይታሚን ዲ ለማግኘት ከነጭ ሰው የበለጠ ፀሐይ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት፣ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መልፈስፈስ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ላይ ካልያዛቸው ይልቅ 13 እጥፍ ገደማ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ስለዚህ ጨቅላችሁን በጠዋት ፀሐይ ማሞቃችሁን ቀጥሉ። ከዚህ ምክር የሚለዩት አሁን የምናገርላቸው ልጆች ናቸው።

አልቢኒዝም ያለበት ሰው ሰውነቱ ሜላኒን በበቂ አያመርትም፤ ቆዳው፣ ፀጉሩና ዓይኑ ቀለም ያንሳቸዋል። በአፍሪካ ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል ተብሎ ይገመታል። ለምጽ ሌላ ነው፤ ለምጽ ከልደት በኋላ በቦታ በቦታ የሚወጣ ነው። አልቢኒዝም ከእናትም ከአባትም በእኩል የሚወረስ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጠይም ወይም ጥቁር ሆነው፣ ሁለቱም ሳያውቁት በዘራቸው ይሸከሙታል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል አለ። የእናት ጥፋት የለበትም፤ እርግማንም፣ የሰው ዓይንም፣ በእርግዝና ያየችው ነገርም የለበትም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚፈርሰው ትዳር ስለሆነ ነው። አባት «ይህ ልጅ የእኔ አይደለም» ብሎ ይሄዳል፤ እናት ብቻዋን ትቀራለች፤ ብቻዋን የቀረች እናት ደግሞ ባርኔጣውንም ክሬሙንም ለመግዛት አቅም ያጥራታል። በዚህ መንገድ የባል ጥርጣሬ ለልጁ ካንሰር ምክንያት ይሆናል።

ጥርጣሬው አዲስ አይደለም። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 106 ስለ ኖኅ መወለድ ይተርካል። ሕፃኑ ሰውነቱ ነጭና ቀይ፣ ፀጉሩ እንደ ሱፍ የነጣ ሆኖ ተወለደ፤ አባቱ ላሜክ ፈርቶ ልጁ የእርሱ መሆኑን ተጠራጠረና ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሮጠ። ማቱሳላም ሄኖክን ሄዶ ጠየቀ፤ መልሱም ልጁ በእውነት የላሜክ ልጅ ነው የሚል ሆነ። በእንግሊዝ አገር የነበረ የዓይን ሐኪምና የዘር ውርስ አጥኚ አርኖልድ ሶርስቢ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን ትረካ አንሥቶ ኖኅ አልቢኒዝም የነበረበት ይመስላል ሲል ጽፏል። የሐኪሙን ትርጓሜ መቀበልና አለመቀበል የእያንዳንዳችን ነው። እኔ የምወስደው የቤተ ሰቡን ነገር ነው፤ አባት ሲደነግጥ ሽማግሌው አባቱ አላባረረውም፣ ጠይቆ እውነቱን አመጣለት። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጣችሁ የባልና የሚስት ጉዳይ ትዳኛላችሁ። እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣላችሁ የልጁ መንጣት የሌላ ሰው ልጅ ለመሆኑ ማስረጃ እንደማይሆን በሙሉ ልብ መናገር ትችላላችሁ።

አልቢኒዝም ባለበት ልጅ ላይ ከላይ ያልኳችሁ ፀሐይ ሁሉ ያለ ጋሻ ያርፋል። ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ይጠራቀማል። መጀመሪያ በጆሮ ጫፍ፣ በታችኛው ከንፈር፣ በአፍንጫ፣ በአንገት ኋላና በእጅ ጀርባ ላይ ሲዳሰስ የሚሻክር፣ ቅርፊት የሚያበጅ፣ ተነቅሎ የሚመለስ ነገር ይወጣል። ገና ካንሰር አልሆነም፤ በሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ተቃጥሎ ወይም በትንሽ ቀዶ ጥገና ይጠፋል። ካልታከመ ይቆስላል፣ ሲነካ ይደማል፣ ሥር ይሰዳል፣ ጆሮን ወይም አፍንጫን ይበላል፣ ከዚያም ወደ አንገት ንፍፊት ይወርዳል። በአፍሪካ አልቢኒዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው የሚሞቱት በዚህ ነው። አልቢኒዝሙ በራሱ አይገድልም። የሚገድለው ሊከለከል የሚችለው ካንሰር ነው።

መከላከያው በልብስ ይጀምራል። እጅጌው እስከ እጅ አንጓ የሚደርስ፣ አንገት ያለው፣ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይሁን። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ስታዩ ብርሃኑ ካለፈው ጨረሩም ያልፋል። ልጆች የሚወዱት ባለ ምላስ ኮፍያ ግንባርን ብቻ ይሸፍንና ጆሮንና አንገትን ለፀሐይ ይተዋል። ስለዚህ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ባርኔጣ ይሁን፤ ከቀርከሃ የተሠራም ቢሆን ያገለግላል። ጃንጥላም ለወንድ ልጅ ነውር ሊሆን አይገባም። ልብስ የማይሸፍነውን ቦታ SPF የተባለው ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በደንብ ጠገብ አድርጎ መቀባት፣ ከቤት ከመውጣት 20 ወይም 30 ደቂቃ አስቀድሞ፣ ውጭ ከተዋለም በየሁለት ሰዓቱ መድገም ነው። ጆሮና ከንፈር የሚረሱ ቦታዎች ናቸው፤ ካንሰሩም በብዛት የሚነሣው እነርሱ ላይ ነው።

መምህራን እዚህ ስላላችሁ ለእናንተ የተለየ ቃል አለኝ። እነዚህ ልጆች ዓይናቸውም ደካማ ስለሆነ ከሰሌዳው ፊት፣ ግን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ርቀው ይቀመጡ። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በጥላ ይቁሙ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜያቸው ጠዋት ማለዳ ይሁን። የደንብ ልብሱ አጭር እጅጌ ከሆነ ለእነርሱ ረጅም ይፈቀድላቸው። ከትምህርት ያልወጣ ልጅ ሲያድግ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ያገኛል። ከትምህርት የወጣ ግን ሸክምና የቀን ሥራ ይጠብቀዋል፤ ያም በቀትር ፀሐይ ላይ ነው። ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት የካንሰር መከላከያ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ። ይህ ማንንም ሳይለይ ሁላችንንም ይመለከታል። በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ስኳመስ የተባለው የቆዳ ካንሰር ዋናው መነሻ ከፀሐይ ይልቅ የቆየ ቁስልና የእሳት ጠባሳ ነው። ሕክምናው ይህን ያወቀው ከጥንት ነው፤ ከጠባሳ የሚነሣው ካንሰር የሚጠራው በፈረንሳዊው ሐኪም በማርዦላን ስም ነው፤ እርሱ ስለ ክፉ ቁስሎች የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1828 ነበር። በካሽሚር ሰዎች ለብርድ ሲሉ ፍም የያዘ ትንሽ ማሰሮ በልብሳቸው ሥር ስለሚይዙ ካንሰሩ በሆድና በጭን ላይ ይወጣባቸው እንደነበር የታወቀ ነው። ቆዳ ሲቃጠል፣ ሲድን፣ እንደገና ሲሰነጠቅ፣ እንደገና ሲድን ለዓመታት ከኖረ አንድ ቀን ሥርዓቱን ይስታል። ከቃጠሎው እስከ ካንሰሩ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ያልፋል። በልጅነቷ ምድጃ ላይ የወደቀች ሴት በጎልማሳነቷ ጉልበቷ ሥር የማይደርቅ ቁስል ሲያወጣባት ሁለቱን ማገናኘት ይከብዳታል።

ስለዚህ ይህን ካንሰር መከላከል የሚጀምረው ከምድጃው ነው። ሕፃን የሚድህበት ቤት ምድጃው ከፍ ይበል ወይም ይከለል፤ የፈላ ውኃ መሬት ላይ አይቀመጥ። ቃጠሎ ሲደርስ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የቡና ዱቄት፣ ሊጥ፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አይደረግበት፤ ቁስሉን ይመርዛል፣ ጠባሳውንም ያከፋዋል። መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ሰፊ ቃጠሎ ቆዳ ከሌላ ቦታ ተወስዶ እንዲለጠፍበት የሚጠየቀውም ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ተጨማዶ የዳነ ቆዳ በተንቀሳቀሱ ቁጥር እየተሰነጠቀ ስለሚኖር ነው።

ከቃጠሎ ጋር በጣም የሚያሳዝነኝ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ሰው ሲጥለው የነካው ይጋባበታል በሚል ፍርሃት እሳት ላይ ወድቆ እንኳ የሚያነሣው ያጣ ስንት አለ። የሚጥል በሽታ በመንካት አይተላለፍም። በየቀኑ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ብዙዎቹን ከመውደቅ ያድናቸዋል። ክኒኑን ሳያቋርጡ መውሰድ እሳቱን፣ ጠባሳውንና ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ካንሰር ሁሉ በአንድ ላይ ይከለክላል።

የእግር ቁስልም እንዲሁ ነው። በባዶ እግር መሄድ ለእሾህና ለሙጀሌ ይዳርጋል። በቀይ አፈር አገር ደግሞ ለዝሆኔ ሕመም ያጋልጣል፤ ያ ዝሆኔ ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በጥናቱ አስረድቷል። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ፣ ስኳር ያለበትም ሰው ሕመም ስለማይሰማው ቁስሉን በዓይኑ መፈለግ አለበት። የማይድን ቁስል ሁሉ ግን ካንሰር ነው አልልም፤ ቁንጭር ሊሆን ይችላል፣ የቆዳ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። የሚለየው በናሙና ምርመራ ነው። ልትይዙት የሚገባው ደንብ አጭር ነው፤ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል ይታይ። በአሮጌ ጠባሳ ላይ አዲስ ቁስል ከተነሣ፣ ጠርዙ ከደደረና ከፍ ካለ፣ እንደ አበባ ጎመን ከተንዠረገገ፣ ሽታው ከተለወጠ፣ በቀላሉ ከደማ ወሩንም አትጠብቁ።

ሦስተኛው ጉዳይ ሜላኖማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዲላ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሻሸመኔ ያልፋል። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ሻሸመኔን ሲጎበኝ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘውን ካንሰር ይዞ ነበር። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ታልፏል። ሜላኖማ ተብሎ ሲታወቅ ጣቱ እንዲቆረጥ ተመክሮ አልተቀበለም፤ ያነሰ ቀዶ ጥገና ብቻ ተደረገለት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 11 ቀን 1981 ካንሰሩ ሳንባውና ጭንቅላቱ ደርሶ በ36 ዓመቱ አረፈ። ዘፈኑን የሚወዱ ወጣቶች እዚህ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ታሪኩን የነገርኳችሁ ጥቁር ሰውን የሚይዘው ሜላኖማ ዋና መኖሪያው የት እንደሆነ እንዳትረሱት ነው።

መኖሪያው ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ የጣቶች መሐል፣ መዳፍና የጥፍር ሥር ነው። እነዚህ ቦታዎች ፀሐይ አያገኛቸውም፤ ስለዚህ የፀሐይ ክሬም ለዚህ ካንሰር ምንም አይፈይድም። ያለን መሣሪያ ዓይናችን ነው። እግር ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ መታጠፍ ለሚያቅታቸው አባትና እናት ልጆቻቸው ይዩላቸው። ጥቁር ሰው በውስጥ እግሩና በመዳፉ ላይ ጠቆር ያሉ ነጥቦች ሊኖሩት ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ደህና ናቸው፤ ከልደት ጀምሮ ያለና ያልተለወጠ ምልክትም እንዲሁ አያሳስብም። የሚያሳስበው ለውጥ ነው። አዲስ የወጣ ወይም ያደገ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ በአንድ ላይ ጥቁርም ቡናማም ግራጫም የሆነ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ያለፈ፣ ያበጠ ወይም የቆሰለ ጥቁር ነገር ይታይ። በጥፍርም ቢሆን በብዙ ጣቶች ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ቡናማ መስመሮች በእኛ ዘንድ የተለመዱ ናቸው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ መስመር ግን፣ ይልቁንም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ዙሪያው ቆዳ ከፈሰሰ፣ ሐኪም ዘንድ ያስሮጣል። ድንጋይ መትቶት የጠቆረ ጥፍር ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ይሄዳል። የማይሄደው ሌላ ነገር ነው።

በአጭሩ ላነሣቸው የሚገቡ ሌሎችም አሉ። በኤችአይቪ የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው ሐምራዊ ወይም ጥቁር እብጠት በእግሩ፣ በፊቱ ወይም በላንቃው ካየ ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ዋናው መከላከያ ነው። በዓይን ነጭ ላይ የሚያድግ ሥጋም ይታይ። ቆዳ ለማንጣት የሚሸጡ ክሬሞች ደግሞ ያንኑ ጋሻችንን የሚያስወልቁን ናቸው፤ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ የተገኘባቸውም አሉ። እግዚአብሔር የሰጠንን መከላከያ ገንዘብ ከፍለን ማስወገድ አይገባንም።

አሁን ስለ ጊዜ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1970 አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሜላኖማን አደጋ ከሁሉ በተሻለ የሚናገረው ወደ ቆዳው የዘለቀበት ጥልቀት መሆኑን አሳየ። ከ1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ሆኖ ከተቆረጠ ከ10 ታካሚዎች ከ9 በላይ ይድናሉ። ከ4 ሚሊሜትር ካለፈ ተስፋው በእጅጉ ይመነምናል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ብዙውን ጊዜ የወራት መዘግየት ነው። በአሜሪካ ሜላኖማ ከያዛቸው ነጮች ከ100 ሰዎች 94 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲኖሩ ከጥቁሮች 70 ያህሉ ብቻ ናቸው። አንዱ ትልቅ ምክንያት በሽታው ማንም በማያየው ቦታ ስለሚያድግና ጥቁሩ ታካሚ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው።

እኛስ ለምን እንዘገያለን? አንደኛው ሕመም ስለሌለው ነው፤ ካንሰር ሲጀምር አያምም፤ ሕመም የሌለውን ነገር ደግሞ የለቀማ ወቅት እስኪያልፍ እናቆየዋለን። ሁለተኛው «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ነው። ይህ ወሬ ብዙ ሰው ገድሏል። ሐኪም በማደንዘዣ ትንሽ ናሙና ሲወስድ ካንሰሩን አያሰራጨውም። ወሬው የተወለደው ዘግይተው ቢላ ሥር የገቡ ሰዎች ሲሞቱ በመታየቱ ነው፤ የገደላቸው ግን መዘግየቱ ነበር። እውነተኛው አደጋ ጥቁር ነጥብን ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ፣ በፈትል ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል ማላጥ ነው። ላዩ ይጠፋል፣ ሥሩ ይቀራል፤ ሲታከሙም ለምርመራ የሚሆን ነገር አይገኝም። የባህል ሐኪሞች እዚህ ካላችሁ በአክብሮት እለምናችኋለሁ፤ አንድ ወር ያለፈውን ቁስልና የሚለወጥ ጥቁር ነገርን ሳትነኩ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። ጸሎትም ሕክምናን አይከለክልም፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊጀመሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ርቀትና ገንዘብ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ «ካንሰር» የሚለው ቃል ከረጅም ጉዞና ከረጅም ወረፋ ጋር በሕዝቡ አእምሮ የተያያዘውም ለዚህ ነው። በጊዜ የተገኘ የቆዳ ካንሰር ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ለማየት ማሽን አይጠይቅም፤ ብዙውን ጊዜ ጨረርም አይጠይቅም፤ አንድ ቀዶ ጥገና ይበቃዋል። ከቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ጀምሩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንድትላኩ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተ ሰብ ሪፈራሉን በሥርዓቱ ይዞ ሲሄድ ወጪው ይቀልለታል። የተቆረጠው ነገር ለምርመራ መላኩንም ጠይቁ፤ ውጤቱ ሲመጣም ሳትቀበሉ አትቅሩ።

ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም የምለምነው አለ። ቤት ለቤት ስትዞሩ የእናትና የሕፃን ጤና፣ የመጸዳጃ ቤትና የወባ ነገር እንደምትጠይቁ ሁሉ «የማይድን ቁስል ያለበት ሰው አለ? አልቢኒዝም ያለበት ልጅ አለ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ጨምሩ። የተገኘው ልጅ ስሙ ይመዝገብ፤ በየስድስት ወሩ ቆዳው ከራስ እስከ እግር ይታይለት።

የመጨረሻው ቃሌ በጀት ለምትመድቡ ኃላፊዎች ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየመድኃኒት ቤቱ ከመዋቢያ ዕቃ ጋር ተደርድሮ በውድ ይሸጣል። በታንዛኒያ ሞሺ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ባለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ታስቦ ኪሊሰን የተባለ ክሬም እዚያው ተመርቶ ከምርመራና ከትምህርት ጋር ሲታደል ቆይቷል። ሌላ አፍሪካዊ አገር የቻለውን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም። አልቢኒዝም ላለበት ልጅ ይህ ክሬም መድኃኒት ነው። በጤና ጣቢያ መድኃኒት ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፣ ባርኔጣውን ከደብተሩና ከደንብ ልብሱ ጋር ስጡት፣ ይህንንም በያዝነው ዓመት ጀምሩት።